የአሜሪካኖችን የዘወትር እንግሊዝኛ ከነፈሊጡ ለመልመድ፦ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ፣ ሰዋስውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አሜሪካ ገብቶ ሥራ ሲጀምር ግራ የሚያጋቡት «ጌት»፣ «ፑት»፣ «አፕ»፣ «አውት» የሚባሉት፣ ልጅ ሆኖ የተማራቸው ትንንሽ ቃላት ናቸው። አለቃው ጠርቶ «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» ይለዋል። እሱ «እንድትሄድ ፈቅደንልሃል» የተባለ ይመስለውና አመስግኖ ይወጣል፤ በማግስቱም ሥራ ይገባል። የተነገረው ግን «ከሥራ አሰናብተንሃል» ነበር።

ትምህርት ቤት የሰጠን የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፦ «ፐርቼዝ»፣ «ኮሜንስ»፣ «ቶለሬት»። ሰው ቤቱና ሥራ ቦታው ሲያወራ በእነዚህ ፈንታ «ባይ»፣ «ስታርት»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ይላል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም በሌላ በር ገብተው እዚሁ ላይ ይደናቀፋሉ። «ቶለሬት» ከራሳቸው «ቶሌራር» ጋር ስለሚመሳሰል ቶሎ ይመጣላቸዋል፤ «ፑት አፕ ዊዝ» ግን ምንም ዘመድ የለውም። እኛ እንዲህ ያለ የቃል ዝምድና ባይኖረንም፣ አማርኛ ራሱ የሰጠን አንድ ጥሩ መሣሪያ አለ። ጥቂት ዝቅ ብለን እናየዋለን።

እዚህ የምናወራው ስለ አሜሪካ ንግግር ነው። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍነው ጆሮ እንደሚሰማው ስለሆነ፣ ደብተርዎ ላይ ሲያሰፍሩት የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ከመዝገበ ቃላት አይተው ከጎኑ ይጻፉ። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ሦስት ወር ግን ሳያቋርጡ።

መጀመሪያ «ማን፣ ለማን ይለዋል?»

አዲስ አነጋገር ሲሰሙ ከትርጉሙ በፊት ቤቱን ይጠይቁ። በአማርኛ ይህን ሳናስበው እናደርገዋለን። «ገንዘብ የለኝም» የትም ይባላል። «እጅ አጠረኝ» ፈሊጥ ነው፤ ሽማግሌውም ወጣቱም ይለዋል። «ጨላ የለም» የአራዳ ቋንቋ ነው፤ ለጓደኛ ይባላል፣ ለንስሐ አባት አይባልም። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። «መኒ ኢዝ ታይት» እጅ አጠረኝ እንደማለት ስለሆነ ለአከራይም ለአለቃም ይሆናል። «ባክስ» ዶላር ማለት ነው፤ «ትዌንቲ ባክስ» ብሎ ሃያ ዶላር ማለት በሱቅም በመንገድም የተለመደ ነው፣ ውል ላይ ግን አይጻፍም። ገንዘብን «ብሬድ» ማለት ደግሞ የወጣቱ ነው፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ለባንክ ሠራተኛ ቢለው ጆሮ ይሻክራል።

ስለዚህ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ይያዙ። አረንጓዴው ከማንም ጋር ለሚናገሩት ነው። ሰማያዊው ሰምተው ለሚረዱት፣ ገና ግን ለማይናገሩት። ቀዩ ለስድብና ለብልግና ነው፤ ትርጉሙን ማወቅ አለብዎት፣ ከአፍዎ ግን አይወጣም። አዲስ የገባ ሁሉ በሰማያዊ ይጀምራል። ሦስት የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ቀን ሲሉት ሲሰሙ ወደ አረንጓዴ ያሻግሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህችን ሕግ ዘሎ ነው፤ ከዘፈን አንድ ቀን የሰማውን ቃል በማግስቱ ሥራ ቦታ ይለዋል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ለምን እንደሆነ የሚነግረው አይኖርም።

ጆሮን ማስለመድ

አነጋገሩን ሳይሰሙ ትርጉሙን መሸምደድ ዋጋ የለውም፤ ሲመጣ አይለዩትምና። «ጎይንግ ቱ» ሲፈጥን «ገና» ይሆናል፤ «ገና አልመጣም» የምንላትን «ገና» ሊሆን ምንም አልቀረው። «ዋንት ቱ» «ዋና» ይሆናል። «ጋት ቱ» ደግሞ «ጋራ»። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለችውን «ት» ብዙ ጊዜ በምላሳቸው ጫፍ አንዴ ነካ አድርገው ያልፏታል፤ ለእኛ ጆሮ የላላች «ር» ሆና ነው የምትገባው። «ዋተር» «ዋረር»፣ «ቤተር» «ቤረር»፣ «ጌት አውት ኦፍ ሂር» «ጌራውራ ሂር» የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህን አንድ ነገር ያወቀ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ድሮ ያመለጠውን ብዙ ነገር መያዝ ይጀምራል።

ሌሎቹም የተለመዱ ናቸው፦ «ለሚ» (ፍቀድልኝ፣ እስቲ ልሥራው)፣ «ጊሚ» (ስጠኝ)፣ «አይ ደኖ» (እንጃ)፣ «ዲጁ» (አደረግህ ወይ)። እኛም «ምንድን ነው»ን ሲፈጥን «ምንድነው» እንላለን፤ አማርኛ በመጽሐፍ የተማረ ፈረንጅ እዚያ ላይ ነው የሚጠፋበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ገና» ከግሥ በፊት ብቻ ነው የሚገባው። «አይም ገና ኮል ዩ» (እደውልልሃለሁ) ትክክል ነው። «አይም ገና ዘ ስቶር» ግን ስሕተት ነው፤ ቦታ ሲከተል «አይም ጎይንግ ቱ ዘ ስቶር» ተብሎ ሙሉውን መናገር ግድ ነው። «ሂ ዋና»ም አይባልም፤ ለእሱና ለእሷ «ዋንትስ ቱ» ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት ቪዲዮ ይምረጡና ሦስት ደቂቃውን ብቻ ይውሰዱ። ዜና አይሁን፤ ዜና አንባቢ የሚናገረው የተጻፈ ነው። በመጀመሪያው ዙር ጽሑፍ ሳያዩ ያዳምጡ። በሁለተኛው የዩቲዩብ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርገው፣ በየዓረፍተ ነገሩ እያቆሙ ጆሮዎ የያዘውን በፊደል ይጻፉ፤ ቢሳሳትም ይጻፉ። በሦስተኛው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከፍተው ያወዳድሩ። በአራተኛው በትክክለኛው ፍጥነት ከተናጋሪው እኩል እየተናገሩ ይሂዱ። ሁሉም ሃያ ደቂቃ ግድም ይወስዳል። ጽሑፉ በማሽን የወጣ መሆኑ ከተጠቀሰ ሌላ ቪዲዮ ይፈልጉ፤ ማሽኑ የሚስተው እርስዎ የሚፈልጉትን የተዋጠ ድምፅ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ካለ ደግሞ ያጥፉት፤ ዓይን ሲያነብ ጆሮ ይተኛል። ለሁለት ሳምንት ያንኑ ተናጋሪ ይያዙ፤ ድምፁን ከለመዱ በኋላ ወደ ሌላው ይሂዱ።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ የሚኖር ሰው ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ሊውል ይችላል። ለኑሮ ደግ ነው፤ ለጆሮ ግን ይህን ሃያ ደቂቃ ግዴታ ያደርገዋል።

«ዝም አለ»ን የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቃል

መሣሪያ ያልነው ይህ ነው። አንድ የውጭ ሰው «ዝም አለ»ን ቃል በቃል ልፍታ ቢል ይጠፋዋል፤ ዝምታ አለመናገር ሆኖ ሳለ «አለ» ደግሞ ተናገረ ነው። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዘወር አለ» ሁሉም ሁለት ቃል ሆነው አንድ ትርጉም የያዙ ናቸው፤ ሲነጣጥሏቸው ይሞታሉ። የእንግሊዝኛውም ጥምር ግሦች ልክ እንደዚህ ናቸው። «ጊቭ» ሰጠ ነው፣ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ ቆርጦ ተወ ማለት ነው። ማንም ኢትዮጵያዊ «ቁጭ»ን ለብቻው ምን ማለት ነው ብሎ አይጠይቅም። «ጊቭ አፕ»ንም እንደዚያ አንድ ቃል አድርገው ይመዝግቡ።

ከግሡ በኋላ የሚመጡት፣ እንደ «አፕ» ያሉት ጅራቶች ግን የራሳቸው ዝንባሌ አላቸው። «አፕ» ብዙ ጊዜ «ጨርሶ፣ አሟጦ» የሚል ስሜት ያመጣል፦ «ኢት አፕ» ጠራርጎ በላ፣ «ዩዝ አፕ» አሟጠጠ፣ «ፊል አፕ» ሞላ። «አውት» ያለቀን ወይም ከተደበቀበት የወጣን ነገር ይነካል፦ «ራን አውት» አለቀበት፣ «ፋይንድ አውት» ወሬው ደርሶት ወይም አጣርቶ አወቀ፣ «ፊገር አውት» በራሱ አእምሮ አስቦ ደረሰበት። «ኦፍ» ላይ ሁለቱን አያምታቱ፦ ስብሰባ «ፑት ኦፍ» ከተደረገ ለሌላ ቀን ተላልፏል፤ «ኮልድ ኦፍ» ከሆነ ተሰርዟል።

ለጀማሪ የሥራና የቤቱ ይቅደም። «ፒክ አፕ» (ልጅን ከትምህርት ቤት፣ ዕቃን ከሱቅ ማምጣት፣ ስልክ ማንሳት)፣ «ድሮፕ ኦፍ» (ማድረስ)፣ «ሾው አፕ» (መገኘት)፣ «ፊል አውት» (ቅጽ መሙላት)፣ «ሳይን አፕ» (መመዝገብ)፣ «ክሎክ ኢን» (የሥራ መግቢያ ሰዓት ማስመዝገብ)፣ «ኮል አውት» (ዛሬ አልገባም ብሎ መደወል)፣ «ብሬክ ዳውን» (መኪና መበላሸት)፣ «ከቨር ፎር ሚ» (በእኔ ፈረቃ ግባልኝ)። እነዚህን ዘጠኙን ሳይይዙ ወደ ጌጠኛው ፈሊጥ አይዝለሉ።

ሰዋስዉ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከባድ ነው። እኛ «አጥፋው» ስንል «ው» ከግሡ ጫፍ ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ «ተርን ኦፍ ኢት» ማለት ይቀናናል። እንግሊዝኛ መሃል ያስገባዋል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»፣ «ፒክ ሂም አፕ»። ስሙ ሙሉ ከሆነ ግን በሁለቱም ቦታ ይሆናል፦ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»። የማይለያዩም አሉ፦ «ሉክ አፍተር ሂም» (ተንከባከበው)፣ «ራን ኢንቱ ሂም» (በድንገት መንገድ ላይ አገኘሁት)። ለማወቅ መዝገበ ቃላቱን ይዩ፤ «ሳምሲንግ» የሚለውን ቃል መሃል ካስገባ ይለያያል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ካስቀመጠው አይለያይም። ድምፁም ይለያል። ግሥ ሲሆን የሚጫነው «አፕ» ላይ ነው፤ እኛ ፒክአፕ የምንላት መኪና ስትሆን ግን «ፒክ» ላይ።

ደብተሩ እንዴት ይጻፋል

ለአንድ አነጋገር አንድ ገጽ፣ አምስት መስመር። «አይም ጉድ»ን እንውሰድ። በመጀመሪያው መስመር የሰሙትን በፊደል ይጻፉ። በሁለተኛው የእንግሊዝኛ አጻጻፉን። በሦስተኛው ማን ለማን፣ የት እንዳለው፦ «አስተናጋጇ ቡና ልጨምር ስትል ደንበኛው እጁን ከሲኒው በላይ አድርጎ።» በአራተኛው እኛ እዚያ ቦታ ላይ ብንሆን በአማርኛ ምን እንል እንደነበር፦ «ይብቃኝ፣ አመሰግናለሁ።» በአምስተኛው የራስዎን ዓረፍተ ነገር።

አራተኛዋ መስመር የሥራው ልብ ናት። እዚያ ላይ «ጥሩ ነኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉን ተረጎመ እንጂ ነገሩን አልያዘም፤ «ዱ ዩ ዋንት ሞር?» ሲባል «አይም ጉድ» ያለውን ሰው ምግብ ያመጣለታል። እንዲሁ «አይም ኦል ሴት» በሱቅ ውስጥ «አያስፈልገኝም፣ ጨርሻለሁ» ነው። «ዩር ኦል ሴት» ከመስኮቱ ጀርባ ካለ ሠራተኛ ሲመጣ «ጉዳይህ አልቋል፣ መሄድ ትችላለህ» ነው። «ዩር ጉድ» ደግሞ ተሳስተው ሲገፉት የሚሰጥዎ «ምንም አይደል»።

በመጀመሪያው ወር በሳምንት አምስት፣ ከዚያ በኋላ ሰባት። በሦስት ወር ሰባ ስድስት ይሆናሉ፤ ጥቂት ቢመስሉም የዘወትር ወሬ በእነዚህ ላይ ነው የሚሽከረከረው። በአንድ ቀን ሃምሳ ከኢንተርኔት የሚገለብጥ ሰው በወሩ አምስቱንም አያገኛቸውም። ክለሳው በማግስቱ፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በሃያ አንደኛው ቀን ነው። ሲከልሱ ላይኛውን ሁለት መስመር በእጅዎ ሸፍነው ሦስተኛውንና አራተኛውን ያንብቡ፤ እንግሊዝኛውን ድምፅ አውጥተው ይበሉ። ከሁኔታው ወደ ቃሉ መሄድ ነው ያለበት፤ ኑሮም የሚያመጣው በዚያ አቅጣጫ ነው።

«እጅ ስጠኝ»

«ጊቭ ሚ አ ሃንድ» ቃል በቃል «እጅ ስጠኝ» ነው። በእኛ እጅ መስጠት መማረክ ነው፤ በእነሱ ማገዝ ነው። ሶፋ የያዘ ሰው ሲለው «እስቲ አግዘኝ» ነው። አዳራሽ ውስጥ «ጊቭ ሃር አ ሃንድ» ሲባል ደግሞ «አጨብጭቡላት» ነው። ያው ሐረግ፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ትርጉም።

በተቃራኒው የእኛን ወደ እንግሊዝኛ መገልበጥ የባሰ ያደርሳል። «ሙች!» ብለን የምንምለውን በእንግሊዝኛ ያስቡት። ለዚያ «አይ ስዌር» አለ። «ሼም ያዘኝ»ም እንግሊዝኛ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ «አይም ኢምባራስድ» ነው። «ሙድ ያዘብኝ» ለማለት «ሂ ሜድ ፈን ኦፍ ሚ»። «ፌንት ሠራ» ለማለት «ሂ ፓስድ አውት»። እነዚህ ቃላት ከእንግሊዝኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል፤ ወደ መጡበት ሲመለሱ አያውቃቸውም።

የሚገጥሙም አሉ፣ ሲገኙ ደስ ይላሉ። ባክኖ የቀረ ገንዘብን እኛ «ውሃ በላው» እንላለን፤ እነሱ «ወንት ዳውን ዘ ድሬይን» ይላሉ፣ በፍሳሽ ቱቦ ወረደ። ማቆላመጥ እነሱ ዘንድ «በተር አፕ» ነው፤ ቅቤ መቀባት። «አፈ ቅቤ» ለምንል ሰዎች ይህን መያዝ አይከብድም። ለማይታመን ወሬ «ሂድ ወዲያ!» የምንለውን እነሱም «ጌራውራ ሂር!» ይሉታል፤ ውጣ ማለታቸው አይደለም።

ሰላምታና ትሕትና

«ዋትስ አፕ?» ሲባል መልሱ «ፋይን» አይደለም፤ «ናት ማች» ነው፣ «ምንም አዲስ ነገር የለም» እንደማለት። «ሃውዝ ኢት ጎይንግ?» ሲባል ግን «ጉድ፣ ዩ?» ተብሎ እየተራመዱ ማለፍ ይቻላል። እኛ ቤት፣ ልጅ፣ ሥራ፣ ጤና እየተባለ የሚወርደው ሰላምታ ስለለመድን ይህ ንቀት ይመስለናል። ንቀት አይደለም፤ የእነሱ ሰላምታ እዚያው ላይ ያልቃል። «ዊ ሹድ ግራብ ኮፊ ሳምታይም» ቀጠሮ አይደለም፤ ቀንና ሰዓት ከተጠቀሰ ብቻ ነው ቀጠሮ የሚሆነው። «ሲ ዩ ሌተር»ም በሕይወቱ ዳግም የማያይዎት ገንዘብ ተቀባይ የሚለው ስንብት ነው።

አማርኛ አክብሮትን ግሡ ውስጥ አስገብቶታል፤ «ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» ይለያያሉ። እንግሊዝኛ ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ስለሆነ አክብሮቱ ወደ ጥያቄው ቅርጽ ይሄዳል። «ጊሚ አ ኮፊ» ያለ ሰው ባለጌ ይባላል፤ «ካን አይ ጌት አ ኮፊ?» የዘወትሩ ነው። ለአለቃ ወይም ለማያውቁት ሰው «ውድ ዩ ማይንድ» ወይም «ኩድ ዩ» ይጨምሩ። «ውድ ዩ ማይንድ» ለሚለው ፈቃደኛ ከሆኑ መልሱ «ኖ፣ ናት አት ኦል» ነው፤ «ቅር ይልሃል?» ነውና የተጠየቁት።

«አይዞህ» አንድ አቻ የለውም። ፈተና ለሚገባ «ዩ ጋት ዚስ»። ረጅም ችግር ውስጥ ላለ «ሃንግ ኢን ዜር»። ወድቆ ለሚያለቅስ ልጅ «ዩር ኦኬይ»። ሐዘን ለደረሰበት ሰው ግን ፈሊጥ አይሞክሩ፤ «አይም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ብቻ ይበሉ። «ማይ ባድ» የሚባለው ለትንሽ ጥፋት ነው፤ ዕቃ ለሰበረ ወይም ሰው ላስቀየመ አይበቃም።

በጽሑፍ መልእክት ላይ ደግሞ ያልተረጋገጠ ምሕጻረ ቃል አይላኩ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ካሜሮን «ኤል ኦ ኤል»ን «ብዙ ፍቅር» ማለት መስሏቸው መልእክታቸውን በእሱ ይቋጩ እንደነበር በ2012፣ የእንግሊዝ ጋዜጦችን አሠራር በመረመረው የሌቨሰን ምርመራ ላይ ተነግሯል። ትርጉሙ «ከት ብዬ ሳቅሁ» ነው። ለቀስተኛ የተላከ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ነው።

አለመረዳት ጉዳት የሚያመጣባቸው

እነዚህን ከሁሉ አስቀድመው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይያዙ። «ሄድስ አፕ!» ተብሎ ሲጮህ ቀና አይበሉ፤ ከላይ የሚወድቅ ወይም የሚወረወር ነገር አለ፣ ራስዎን ይከላከሉ። ተረጋግቶ ሲነገር ግን «አስቀድሜ ላሳውቅህ» ነው። «ፓስድ አውት» ራሱን ሳተ፤ «ፓስድ አዌይ» ወይም «ፓስድ» ብቻ ሞተ። 911 (የድንገተኛ አደጋ ስልክ) ደውሎ አንዱን በሌላው መተካት ከባድ ነገር ነው፤ ካልተማመኑ «ሂ ኢዝ ናት ዌኪንግ አፕ» ይበሉ፣ አይነቃም። «ስሩ አፕ» አስመለሰው ነው። ፖሊስ «ፑል ኦቨር» ካለ መኪናውን ጥግ አስይዘው ያቁሙ።

«ሌይድ ኦፍ» በሥራ መቀነስ የወጣ ነው፣ «ፋየርድ» የተባረረ። የሥራ አጥ ድጎማ ማመልከቻ ላይ የሚያመጡት ውጤት ሊለያይ ስለሚችል የተባሉትን በትክክል ይጻፉ። «አንደር ዘ ቴብል» የሚከፈል ደመወዝ ከግብር የተደበቀ ነው። «ኦን ዘ ሃውስ» ግን ደግ ነው፤ ቤቱ ጋብዞዎታል።

አስደንጋጭ መስለው ደህና የሆኑም አሉ። «ሹት» ጠያቂውን «በል ጠይቅ» ማለት ነው። «ሾትገን!» ከሹፌሩ አጠገብ እኔ ልቀመጥ ነው። «ዩ ኪልድ ኢት» አንጀት አርስ ሥራ ሠራህ። «ሂት ሚ አፕ» ደውልልኝ። «ዘ ቦምብ» ግሩም ማለት ቢሆንም ኤርፖርት ውስጥ ቃሉን በምንም ትርጉም አያንሱ።

ከሜዳ የመጡ ፈሊጦች

የአሜሪካ ቢሮ በቤዝቦል ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ጨዋታውን አለማወቅ ንግግሩን ያጨልመዋል። «ቦልፓርክ ፊገር» ግምታዊ ቁጥር ነው። «ድሮፕድ ዘ ቦል» ኃላፊነቱን አበላሸ። «ሬይን ቼክ» የመጣው በ1880ዎቹ ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ለሌላ ቀን መግቢያ ከሚሰጠው ወረቀት ነው፤ ዛሬ «አይል ቴክ አ ሬይን ቼክ» ያለዎት ሰው ግብዣዎን በትሕትና ለሌላ ጊዜ አሳድሮታል። ከቸኮለ ሰው አፍ ሲሰሙት «አይሆንም» ብለው ይውሰዱት።

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ግን ከአሜሪካ እግር ኳስ የመጣው «ሃይል ሜሪ» ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ 1975፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የዳላስ ተጫዋች ሮጀር ስታውባክ ከሚኒሶታ ጋር ሲጫወት በመጨረሻዋ ደቂቃ ኳሱን ሩቅ ወርውሮ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ «ሃይል ሜሪ» አልኩ አለ፤ እኛ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብለን እመቤታችንን የምንማጠንበት ጸሎት ነው። ስያሜው ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተለመደ። ዛሬ ቢሮ ውስጥ «ኢትስ አ ሃይል ሜሪ» ሲሉ ተስፋው ተሟጦ በመጨረሻ የሚደረግ ሙከራ ማለታቸው ነው።

የወጣቱ ቋንቋ

ስላንግ፣ የእነሱ የአራዳ ቋንቋ፣ ይበሰብሳል። «ኩል» ከጃዝ ሙዚቀኞች ዘመን ጀምሮ እስካሁን አለ፤ «ግሩቪ» የ1960ዎቹ ቃል ሆኖ ቀርቷል፤ በ2014 አገር ያጥለቀለቀው «ኦን ፍሊክ» ጥቂት ዓመት እንኳ አልቆየም። ኦክስፎርድ በ2023 የዓመቱ ቃል ያለው «ሪዝ» (ሰውን በንግግርና በአኳኋን የመማረክ ችሎታ) ደግሞ ከልጆች አፍ ይሰማል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሆኑ እነዚህ ሁሉ በሰማያዊ ይቅሩ፤ ልጆችዎ የሚሉትን መረዳት በቂ ነው። ጉልበትዎን ለጥምር ግሦች ያውሉት፤ እነሱ አያረጁም።

ብዙው የአሜሪካ ስላንግ የመነጨው ከጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር ነው። የራሱ ሕግና ታሪክ ያለው አነጋገር ነው፤ የተሰበረ እንግሊዝኛ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በዘፈን ደጋግሞ የሚሰማው፣ በ«ኤን» የሚጀምረው የዘር ቃል ግን ቀይ ነው። የቆዳችን ቀለም ፈቃድ የሚሰጠን የሚመስላቸው አዲስ መጪዎች አሉ። ቃሉ የባርነትን ዘመን ቁስል ይዞ የመጣ ነውና አይጠቀሙበት፤ ለልጆችዎም ምክንያቱን ያስረዷቸው።

ማረጋገጥና መናገር

የሰሙትን መጀመሪያ በሜሪያም ዌብስተር ወይም በኬምብሪጅ ይፈልጉ። ከቃሉ ጎን «ኢንፎርማል» (የወዳጅ ወሬ)፣ «ስላንግ»፣ «ቨልጋር» (ብልግና)፣ «ዴትድ» የሚሉ ምልክቶች አሉ፤ እስክሪብቶ የሚመርጡት በእነሱ ነው። «ዴትድ» ካለ ያረጀ ነው። እዚያ ከሌለ ብቻ ወደ ኧርባን ዲክሽነሪ ይሂዱ። ከ1999 ጀምሮ ማንም ሰው እንደፈለገ የሚጽፍበት ስለሆነ ቀልድና ብልግና ሞልቶበታል፤ የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ አይመኑ፣ አራት አምስቱን ያነጻጽሩ። ዩግሊሽ ላይ ሐረጉን ሲጽፉ ደግሞ እውነተኛ ሰዎች በቪዲዮ ሲሉት ይሰማሉ። የአሜሪካና የእንግሊዝ መሆኑንም ይለዩ፤ «ፓንትስ» አሜሪካ ሱሪ፣ ለንደን የውስጥ ሱሪ ነው።

ለመናገር በሳምንት አንድ አረንጓዴ ይምረጡና በአምስት የተለያዩ ቀናት አንዳንድ ጊዜ ይበሉት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ፈሊጥ አይደርድሩ። ሥራ ፍለጋ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ ፍርድ ቤትና ኢሚግሬሽን ፊት ምንም ፈሊጥ አያስፈልግም፤ ግልጽ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዎ እዚያ ይበልጣል።

ያልገባዎትን ሲሰሙ አይሳቁ፣ ራስም አይነቅንቁ፤ እሺ እንዳሉ ይቆጠራል። «አይ ሃቭንት ሃርድ ዛት ዋን፣ ዋት ዳዝ ኢት ሚን?» ይበሉ፤ አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ያስረዳል። እርስዎ ያሉት ነገር ደግሞ ፊት ካስቀየረ ፈሊጡን በሌላ ፈሊጥ ለማረም አይሞክሩ። «ሶሪ፣ ዛት ኬም አውት ሮንግ» ይበሉና የፈለጉትን በተራ ቃል ይድገሙት። ማታ ቤት ሲገቡ ያንን ገጽ ወደ ሰማያዊ ይመልሱት።